እሜቴና የሎደሯ ሴት

አውቶቡሱ ቀጥ ሲል እሜቴ ከፊታቸው ካለው ወንበር ጋር ግንባር ለግንባር ተሳሳሙ። «ምን ሆነ?» ሳይሉ መልሱ በመስታወቱ ታያቸው። ሲጥል ያደረው ዝናብ ዳገቱን ንዶ መንገዱ ላይ አጋድሞታል።

«እኔ ዛሬ አንሂድ ብዬሽ ነበር» አሉ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው።

«ኧረ እሜቴ! ‹ተነሽ አንቺ ሰነፍ› ብለው በሬን የደበደቡት እኮ እርስዎ ነዎት።»

እሜቴ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ አንገታቸው አልታጠፍ ስላለ ሰፈሩ የሰጣቸው ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ ብቻ ወሬ ማሳመር ይወዳሉ። የልጃቸውን ሚስት፣ «መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጣቷ ሲንጣጣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስላችሁ» እያሉ ሦስት ዓመት አውርተዋል። መሥሪያ ቤቱ እውነት ነው። ውሸቱ ጽሕፈቱ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቁ በኋላ ከወደኋላቸው ቢጫ ሎደር እያጓራ መጣ። ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ያዘ። ሎደሩ ጭቃውን እየዛቀ ገደል ከከተተ በኋላ ቆመና ኦፕሬተሯ ወረደች። ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ጭቃው እስከ ቅንድቧ ደርሷል። እሜቴ ግን በአረማመዷ ለዩዋት፤ ምራታቸው ናት። ቶሎ ብለው ልብስ ሰፊዋ ጀርባ ተሸሸጉ፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ እንደ ክሯ የቀጠነች ስለሆነች ማንንም አትከልልም።

ምራቲቱ አስፋልቱ ላይ በደረቷ ተኝታ በጠርዙ በኩል ወደ ታች አየች። ስትነሳ ሾፌሩን፣ «አታልፍም» አለችው። «በሥሩ የሚያልፈው የውሃ ቱቦ ተደፍኖ ውሃው መንገዱን ከሥር በልቶታል። ቱቦውን ልክፈት፣ ውሃው ይውረድ። ከዚያ ሰው በእግሩ፣ አንተ ባዶህን በዳገቱ በኩል።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት ሰዓት?» አለ ጣሪያው ላይ ስድስት ሣጥን የጫነው የቲማቲም ነጋዴ። «ቲማቲሜ ጭማቂ ሊሆን ነው! ጭቃው ተነሳ፣ መንገዱ ታየ፣ ሌላ ምን ቀረ?»

«አንተ ያየኸው ከላይ ነው፣ ወንድሜ። እኔ ያየሁት ከታች ነው።»

«የማን ናት ይቺ? አሳዳጊ የበደላት!»

እሜቴ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ምላስ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ሰፈር እንደሚገባ ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ምራታቸው አይታቸዋለች፤ አይታቸው ስታበቃ እንደማያውቅ ሰው ዓይኗን ሰብራለች። ውሸታቸውን እየጠበቀችላቸው ነው። ይሄ ከስድቡ በላይ አንገበገባቸው።

«የእኔ ናት» አሉ፣ ከተሸሸጉበት ወጥተው። «ምራቴ ናት። ምን ጎደላት?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። «ጸሐፊዋ?»

«ጸሐፊ አይደለችም፤ ዋሽቼሽ ነው። አሁን ዝም ብለሽ እያት።»

ምራቲቱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ ጎረቤትዎ ሰሙ እኮ።»

«ትስማ። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራች። በሎደሩ ቱቦውን የደፈነውን ቋጥኝ ፈነቀለች፤ የማሽኑ አካፋ የማይገባበት ቦታ ሲደርስ ድጅኖ ይዛ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። እሜቴ ደግሞ ራሳቸው ያስተማሯት ይመስል ለተሳፋሪው ያስረዳሉ። «አሁን ከግራ ነው የምትጀምረው... አላልኳችሁም? እንደ ሻይ ማንኪያ እኮ ነው የምታዞረው!»

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቱቦው እንደታመመ ሰው ሳል ሳል አለና ውሃውን በወዲያኛው አፉ ተፋው። ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ በገደሉ በኩል የበር ያህል የሆነ አስፋልት፣ ማንም ሳይነካው፣ ተገንጥሎ ወረደ። የቲማቲም ነጋዴው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸ።

ምራቲቱ መንገዱ መሐል ላይ ድንጋይ ደረደረች። «ከድንጋዩ ወዲህ፣ በዳገቱ በኩል ጠንካራ ነው። አንድ አንድ እያላችሁ እለፉ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ሾፌሩ ነጋዴውን አየው፤ ነጋዴው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«በዳገቱ በኩል ነው ያልሽው?» አሉ እሜቴ።

«አዎ። ግን እማዬ፣ እርስዎ ይቆዩ፤ ወጣቶቹ ይቅደሙ...»

ሌላ አልጠየቁም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡበት። ወደ ገደሉ አንዴም ሳያዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ክብር እንግዳ እየተራመዱ ሄዱ። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆመው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ምን ይገትራችኋል?» አሉ። «ምራቴ እለፉ ብላለች እኮ!»