የጋሽ ጸጥታ ታንከር

ሽማግሌዎቹ የጀመሩትን ወግ ሳይጨርሱ ጣሪያው ጮኸ።

ከእንግዶቹ አንዱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ውሃ ለቅቆ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ታንከር የጎደለውን ሊሞላ ሲጀምር እንደታነቀ ሰው ሲጥ አለ፤ ከዚያ ቧንቧው ግድግዳውን ይደበድበው ገባ። ሴቶቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ቤት!» አለች አንዷ ጎረቤት፣ አጠገቧ ላለችው በሹክሹክታ። «ሰው ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም ሲባል ነበር የማውቀው።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ሐዘን ቤት ነው።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ። ይልቅ ለታንከሩ ንገሪው።»

ልጅቷ ትሪ ይዛ በመሀላቸው ስታልፍ ሰማች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የሰማችው ስለ እጁ ነው፤ የማንንም ቤት ቧንቧ ቆሞ አዳምጦ ሕመሙን እንደሚያውቅ፣ እሱ የነካው ቤት ዳግም እንደማይጮህ። ሰፈሩ «ጋሽ ጸጥታ» ያለው ለዚህ ነበር።

በገዛ ቤቱም ጋሽ ጸጥታ እንደነበረ የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እዚህ ቤት ማንኪያ ብርጭቆ አይነካም። እናቷ በካልሲ መራመድን፣ ያለ ድምፅ ማልቀስን የለመደችው እዚህ ነው። እሷም ገና በዐሥር ዓመቷ ከመሰላል ሥር ባትሪ ያዥ ሆነች። ብርሃኑ ከተንቀጠቀጠ መፍቻው ጣቷ ላይ ያርፋል፤ ካለቀሰች ይደገማል። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ቆልመም ብላ የቀረችው ያኔ ነው። ሙያውን ግን አንድ ሳታስቀር ለቅማዋለች።

ከአምስት ወር በፊት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ወደቀ። አልጋው ከታንከሩ ሥር ነበር፤ በዐሥረኛው ቀን ታንከሩ መጮህ ጀመረ።

«የውሃ መዝጊያው ጎማ ነው» አለ በተጣመመ አፉ። «አዲሱ ሳጥኔ ውስጥ አለ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«እሺ፣ አባባ።»

አምስት ወር ሙሉ «እሺ፣ አባባ» አለች። እናቷ ሠራተኛ እንጥራ ስትል «እኔ እያለሁ?» ትላለች። በመጨረሻው ሳምንት አባቷ በሕይወቱ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረ።

«እባክሽ።»

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋችለት። «ምን አሉኝ? አልሰማሁም፣ አባባ። ቧንቧው ይጮኻል።»

ሰምታው ነበር።

«ኧረ ይሄስ ያሳፍራል!» ጩኸቱ አልቆም ሲል የአባቷ የሥራ ባልደረባ ሳሎን ከተቀመጡበት ተነሡ። ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «የጓደኛዬ ቤት እንዲህ እየጮኸ እኔ ሻይ አልጠጣም። መሰላሉ የታለ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ ይቆይ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «ልብስዎ ይበላሻል።»

«ውሃ መቼ ልብስ ያበላሻል፣ ልጄ? አዲስ ጎማ ካለ አቀብይኝና ባትሪ ያዢልኝ።»

አቀበለች፤ መኝታ ቤት ከመሰላሉ ሥር ቆማም ባትሪውን ያዘች። አሮጌውን ጎማ ዕድሜ አልበላውም። አባቷ በወደቀ በዐሥረኛው ቀን አውጥታ፣ በምላጭ ሸንትራ መልሳ የገጠመችው እሷ ናት። ባለሙያ ካየው ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ከተነፈሱ ደግሞ ሳሎን ሙሉ ሰው ይሰማል፣ እናቷም ትሰማለች።

ሽማግሌው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ኳስ የያዘውን ክንድ ፈቱ፤ ጎማውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። ያለቀ ጎማ ዳሩ ይሻክራል። የዚህ ቁርጥ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቁልቁል አዩዋት።

ብርሃኑ አልተንቀጠቀጠም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንድ ሰው ከሳሎን።

ሽማግሌው ጎማውን በመዳፋቸው ጨበጡት። «ጎማ ነዋ!» ብለው ጮኹ። «ጎማ አይደል፣ ያልቃል!»

አዲሱን ገጥመው ወረዱ። አሮጌውን መዳፏ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉባት።

«ጥሩ እጅ አለሽ» አሏት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። «የአባትሽ እጅ ነው።»

ታንከሩ ያለ ድምፅ ይሞላ ጀመር። ሳሎን ያለው ሰው ወሬውን አቁሞ ያዳምጣል። እናቷ ከወጥ ቤት መጥታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ጣሪያውን አየች፣ ባዶውን አልጋ አየች።

«ይኸው ቆመልህ» አለች። «ይኸው፣ ቆመልህ እኮ!»

ከዚያ ስንት ዓመት ያፈነችው ለቅሶ በሙሉ ድምፁ ፈነዳ።

ልጅቷ ሳታስበው ዞረች። ጎማውን የጨበጠው እጇ ተነሣና አንድ ጣቷ ከንፈሯ ላይ አረፈ።

እናቷ ወዲያው ዝም አለች።

ልጅቷ ጣቷን ልታወርድ ሞከረች። እምቢ አላት።