የአንዳርጌ ዳስ

የሠልስቱ ንፍሮ ተበልቶ ሳያልቅ ከወንዝ ማዶ የመጡት የእስቴ ሰዎች ተነስተው የዳሱን ቋሚ ይነቀንቁ ጀመር። እንጨቱ የእነሱ ነዋ። ወዲህኞቹ ስማዳዎች ደግሞ እኛስ ሳራችንን ለማን ልንተው ነው ብለው ከጣራው ይመዙ ገቡ። ለቅሶ እንደሆነ አልቋል፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደየቤቱ ነው።

ጌጤ ከል ለብሳ ከጥጉ ሆና ታያቸዋለች። ባሏ አንዳርጌ ቆሞ ሳለ ያላስማማቸውን ሰዎች ሞቶ በአንድ ጣራ ሥር አስቀምጧቸው ነበር። አሁን ያቺም ልትፈርስ ነው።

ጠቡ የትምህርት ቤት ጠብ ነው። መንግሥት አስተማሪ ሙላትን ልኮ ቤቱን እናንተ ሥሩ ቢላቸው፣ ማዶኞቹ በማዶ ይሁን፣ ወዲህኞቹ በወዲህ ይሁን ብለው ዓመት ሙሉ ተሟገቱ። አስተማሪው እስከዚያው በዋርካ ሥር ያስተምራል፤ ዝናብ ሲመጣ ልጁ ሁሉ ይበተናል። አንድ ቀን አንዳርጌ ሙግቱ ቢሰለቸው፣ እንግዲያው ወንዙ ውስጥ እንሥራውና ልጆቻችን ከነአስተማሪያቸው ዓሣ ይሁኑ ብሎ ሸንጎውን በሳቅ በተነው።

እሱ ራሱ ፊደል አልጨረሰም። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ደብር የቆሎ ተማሪ ሊሆን ሄዶ፣ ቁራሽ ሊለምን ከሰው ደጅ እንደቆመ ውሻ ባቱን ዘነጠለው፤ በዚያው አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ የወይራ ዱላውን ሳይዝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሊቅ ያልሆንኩት በውሻ ነው ይል ነበር። ልጅ ከእናቱ ቤት በልቶ የሚማርበት ቤት እንዳማረው ሞተ። የመስቀል ማግስት ደግሞ የትምህርት ሹሙ ሊመጣ ነው፤ ጣራ ያለው ቤት ካላገኘ ሙላትን ወደ ወገዳ ሊወስደው ቆርጧል።

ጌጤ ብድግ አለች።

«ግራዝማች» አለቻቸው የማዶኞቹን አለቃ ወልደ ሩፋኤልን፣ «ሟች አርባ አለው። ለተዝካሩ ሌላ ዳስ ትሠሩልኛላችሁ ወይስ ይኸው ይቁምልኝ?»

ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ግራዝማች ጢማቸውን እያሻሹ ይቁም አሉ።

«ከአርባው በኋላ ሰማንያ አለው» አለች።

«እሱም አለ።»

«ከዚያ ሙት ዓመት።»

ግራዝማች ነገሩ ገባቸው። «ከሙት ዓመቱስ ወዲያ፣ ጌጤ?»

«እስከዚያ ምስጥ ይበላውና አዲስ ትሠሩልኛላችሁ።»

አንዱ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ለቅሶ ቤት ይሳቃል ወይ ያሉ አንዲት ባልቴት ተቆጥተው ሳይጨርሱ ራሳቸው ሳቁ። አንዳርጌ መሐላቸው የተቀመጠ መሰላቸው። የዚያን ጊዜ ነው ጌጤ እንባዋ የመጣው፤ እየሳቀች አለቀሰች። የተመዘዘው ሳር ተመለሰ፣ ቋሚውም ዳግም ጠበቀ።

የመስቀል ማግስት ሹሙ በበቅሎ ከች ሲል ልጆቹ ከዋርካው ሥር ተነስተው ዳሱን ሞልተው ሀሁ ይላሉ። ይኸ የለቅሶ ዳስ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ግራዝማች፣ ነው፣ ግን ለቅሶው ረዥም ነው አሉት። በዚያው ዝናቡ ወረደና ሹሙ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጣራው አላፈሰሰም። አስተማሪው ይቆይ አለ።

ሙላት ከቋሚው በሰቀለው የፊደል ገበታ የላይኛው ፊደል ላይ ጣቱ አልደርስ ብሎት ሲንጠራራ ጌጤ አየችው። ቤት ገብታ የወይራውን ዱላ አመጣች። የባሏ መዳፍ ያለሰለሰውን ቦታ በነጠላዋ ጠረገችና ጥቂት ይዛው ቆየች።

«እንካ ልጄ። ልጅ እንዳትመታበት፤ የውሻ ነው።»

ሙላት በዱላው ሀን ነካ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ጌጤ ከበሩ ቆማ ቀረች፤ እጇ ዱላውን የያዘ ያህል እንደተጨበጠ ነበር።