ልክ ነሽ በያት

«ተሳስተሻል» አለች ልጅቷ።

ጸጉር ሠሪዋ ሦስቱን ዘለላ በጣቶቿ መሃል እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች ደንበኛ ሁሉ የጥያቄ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስታነብላት ከርማለች፤ ይህን ቃል ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ጆሮዋ ሰምቶት አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ተሳስተሻል። አንቺ ‹ሀ› አልሽ፣ ከኋላ ያለው መልስ ‹ሐ› ይላል።» ልጅቷ ገጹን ወደ መስታወቱ አነሳችው፤ መስታወት ውስጥ ፊደል ተገልብጦ እንደሚታይ ትዝ ሲላት መልሳ አወረደችው። «ወይኔ! እህቴ፣ ጸጉር እኮ ነው የያዝሽው፤ ጭነት አይደለም የምታስሪው!»

«መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናል» አለች ጸጉር ሠሪዋ። «ቀጥዪ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹሩባ የሚሠራ ሰው እጁ ጸጉር ላይ፣ ዓይኑ ጭንቅላት ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሐሜት ሲለቅም ይውላል። እሷም ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የተመዘገበች ዕለት ጆሮዋን ሥራ አስገባችው። ደንበኛዋ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጧ ካልቀረ፣ የመለማመጃ መጽሐፉን ይዛ ጥያቄ ታነባለች፤ እሷ ትመልሳለች፤ አንባቢዋ ከመጽሐፉ ኋላ መልሱን አይታ «ልክ ነሽ» ትላለች። መጨረሻ ላይ ውጤቱ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ይሰካል። አርባ አምስት። አርባ ሰባት። ያለፈው ሳምንት ደግሞ አርባ ስምንት ከሃምሳ! ለማለፍ የሚበቃው ሠላሳ አምስት ነው። አርባ ስምንቱን በስልክ የሰማች እናቷ፣ ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ፣ ለግቢው ሁሉ «ልጄ ጠበቃ ሆነች!» ብላ ጮኻለች። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዛሬ ረቡዕ።

ደንበኞቿ «ዳኛዋ» ይሏታል። ሁለት ሴቶች በወረፋ ሲጣሉ እሷ ሁለቱንም ሰምታ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ነገሩ ያልቃል፤ ያኮረፈችዋም አኩርፋ እንኳ ተራዋን ትጠብቃለች። ሕግ የመማር አባዜ የያዛት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ለጎረቤቷ ምስክርነት ፍርድ ቤት የሄደች ዕለት። አንዱ ጠበቃ ግማሽ ሰዓት ሲጮህ ቆየ፤ የደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገተረ። ከዚያ በሌላው ወገን አንዲት ቀጭን ሴት ተነሳች፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች፣ ተቀመጠች። የጮኸው ሰውዬ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ፣ አገላበጠ፣ አገላበጠ፣ መልስ ግን አልተገኘም። ጸጉር ሠሪዋ ያን ቀን ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መቀመጥ የሚባል ሥራ በዓለም ላይ እንዳለ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አለች የጸጉር ቤቱ ባለቤት ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ። ወፍራም፣ መልካም፣ ሲጨንቃት ቀለበቷን የምታሽከረክር ሴት ናት። አሁን ቀለበቱ እየዞረ ነው። «የሙሽራዋ እናት ዐሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። ምን ልበላት?»

«እትዬ፣ ቅዳሜ ፈተና አለኝ ብዬ ነግሬዎት የለ?»

«ፈተና በየዓመቱ ይመጣል። ሙሽራ ግን የምታገባው አንዴ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ቢበዛ ሁለቴ» አለች። «ሙሽራዋና ሰባት ሚዜ! ካንቺ በቀር ማን ይደርስላቸዋል? ሌላ ሠሪ ባመጣ ደግሞ ማግስቱን ሂጂ አልላትም። ወንበሩ ሁለት ሰው አይችልም፤ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ግን አልፋለሁ፣ እትዬ። አርባ ስምንት እኮ ነው ያገኘሁት።»

ይህን ስትል ማድረቂያው ስር የተቀመጡት ሲስተር ሳል ያዛቸው። ሲስተር ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ነርስ ናቸው፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ከሆስፒታል ሲወጡ ይመጣሉ፤ ዛሬ ታጥበው እየደረቁ ነው። ጸጉር ሠሪዋ ውኃ ላምጣልዎ አለቻቸው። የለም፣ የለም፣ አሉ በእጃቸው።

«ልቀጥል?» አለች ልጅቷ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች፣ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ጋር ወንበሩ ላይ የተኮፈሰች። «‹የሁለት ጎረቤታሞች አጥር ላይ አንድ ዛፍ አለ። ግንዱ በአንደኛው ግቢ፣ ቅርንጫፉ በሁለተኛው ግቢ ነው። ፍሬው…›»

ጥያቄው አላለቀም፣ ጸጉር ሠሪዋ መለሰች። ፍሬው የማን እንደሆነ፣ ቅርንጫፉን መቁረጥ የሚፈልግ መጀመሪያ ማንን መጠየቅ እንዳለበት፣ ሳይጠይቅ ቢቆርጥ ምን እንደሚከተለው፣ ስለ ወረፋ እንደምትፈርደው አድርጋ ዘረዘረችው።

«ልክ ነሽ» አለች ልጅቷ። «ቀጣዩ። ‹የዘገየ ሰው ሁሉ በሩ ይዘጋበታል። ይህ ሰው በሩ ተዘግቶበታል። ስለዚህ ይህ ሰው ዘግይቷል።› ሀ፣ ድምዳሜው…»

«ሀ። ትክክል ነው።»

መስታወቱ ውስጥ ሲስተር ከማድረቂያው ስር ብቅ ብለው ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸውን «ልክ ነሽ በያት» በሚል አኳኋን አሞጠሞጡ። ልጅቷ አየቻቸው።

«ሲስተር፣ ዓይንዎን ምን ነካዎት?»

«እኔ? ምንም። ሙቀቱ ነው።»

«ተሳስተሻል» አለች ልጅቷ ወደ መጽሐፉ ተመልሳ። «አሁንም ‹ሐ፣ አይከተልም› ነው። አሁንም ጎተትሽኝ! እይ፣ ቅንድቤ ወደ ጸጉሬ ሊገባ ነው!»

«እኔ አልጎተትኩሽም።»

«አንቺ አልጎተትሽም። አንቺማ እየሳቅሽ ነው። እጅሽ ነው የሚናደደው።»

ጸጉር ሠሪዋ እጇን አየችው። ጣቶቿ የልጅቷ ጭንቅላት ላይ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ተጨምቀዋል። ለቀቀቻቸው። ከግራ በኩል የሠራቻቸው የመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ለስላሳ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን እንደ ሽቦ ተወጥረው የጭንቅላቷን ቆዳ አቅልተውታል። መጀመሪያ የተሳሳተችው ጥያቄና የበሩ ጥያቄ። እነዚያ ሁለቱ።

ቀስ ብላ ወደ ሲስተር ዞረች።

«ሲስተር።»

«አቤት፣ ዳኛዬ።»

«ያለፈው ሳምንት ያነበቡልኝ እርስዎ ነበሩ። አርባ ስምንት ያሉኝ።»

ሲስተር ማድረቂያውን አጠፉት። ክፍሉ ድንገት ጸጥ ሲል ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ልጄ፣ ቁጣሽን አቆዪልኝና ስሚኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ታስታውሻለሽ? የባንኳ ልጅ ‹ተሳስተሻል› ባለችሽ ቀን እንዴት አድርገሽ እንደሠራሻት? ሁለት ቀን ሙሉ ባንክ የገባው ሰው ሁሉ ‹ምነው፣ ምን አስደነገጠሽ?› ሲላት ዋለ። ዓይኗ አልከደን ብሏት ገልጣ ተኛች። ከዚያ ወዲያ የምትወጣዋ ለምትገባዋ በር ላይ ትነግራታለች፤ ‹ጥያቄ ታስነብብሻለች፣ ዝም ብለሽ ልክ ነሽ በያት›። እኔ ደግሞ የደም ግፊት አለብኝ…»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ለእኔ ማንም አልነገረኝም» አለች ልጅቷ።

«አፍሽን የምትዘጊበት ጊዜ የለሽም?» አለች ባለቤቷ ከወዲያ። የእሷ ቀለበት ግን መዞሩን አቁሟል፤ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ጸጉር ሠሪዋ መስታወቱ ጠርዝ ላይ የተሰኩትን ወረቀቶች አየች። አርባ አምስት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት። እናቷ ትዝ አለቻት። ግቢው ሁሉ ትዝ አላት። እስከ አሁን «ፈተናው እንዴት ነው?» ላሏት ሁሉ «ኧረ ቀላል ነው!» ስትል መክረሟ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ።

«እውነተኛው ስንት ነበር?» አለች።

ሲስተር በጣታቸው መጽሐፉን አሳዩ። «የኋላውን ሽፋን ግለጪው። ከውስጥ በኩል፣ ከታች።»

ልጅቷ ገለጠችው። ትንንሽ የእርሳስ ቁጥሮች፣ በሆስፒታል እጅ ጽሕፈት፣ ከነቀናቸው ተደርድረዋል። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ።

«ሠላሳ ዓመት የበሽተኛ ሙቀት መዝግቤያለሁ» አሉ ሲስተር አንገታቸውን ደፍተው። «አፌ ዋሸሽ እንጂ እጄ አልዋሸሽም። የተሳሳትሻቸው ጥያቄዎች አጠገብ ደግሞ ነጥብ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ አንድ ቀን እነግራታለሁ ስል…»

«ቅዳሜ ሊነግሯት ነበር?» አለች ልጅቷ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ይላል።

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጥያቄ ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ሄዳ ብትወድቅ ወንበሩም አይጠብቃትም፤ ሰባት ሚዜና አንዲት ሙሽራ በሌላ ሰው ጣት ተሠርተው ይወጣሉ፣ ሌላዋም እዚሁ ትቀራለች። ከፈተናው ብትቀር ግን እናቷን «ሥራ በዛብኝ፣ ዘንድሮ አልፈተንም» ልትላት ትችላለች። አርባ ስምንቱም እንደ ተሰካ ይኖራል። ማንም አይነካውም።

«እህቴ» አለች ልጅቷ ገጾቹን እያገላበጠች። «ነጥቡ ሁሉ አንድ ቦታ ነው የወጣብሽ። እንደ ኩፍኝ።»

«ኩፍኝ መላ ሰውነት ላይ ነው የሚወጣው» አሉ ሲስተር።

«እሺ፣ እንደ ቡግንጅ። እይ፣ የጠብ ጥያቄ ላይ፣ የአጥሩም፣ የተከራዩም፣ የተሰበረው ብስክሌትም፣ አንድ ነጥብ የለም። ‹ሁሉ› እና ‹ስለዚህ› ያለበት ላይ ግን ዝናብ ነው የዘነበው።»

ጸጉር ሠሪዋ መጽሐፉን ተቀበለቻት። እውነቷን ነው። ገጽ ሙሉ ንጹሕ፣ ከዚያ ገጽ ሙሉ ነጥብ። ሦስት ወር ሙሉ እነዚህን ጥያቄዎች ፈጥና፣ ሰው ሳይጨርሰው፣ በደስታ ተሳስታቸዋለች።

«ለምን አልዋሸሽኝም?» አለቻት። «ቢያንስ ከተጎተትሽ በኋላ።»

ልጅቷ የቀላውን የጭንቅላቷን ቆዳ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። «ብዋሽሽ ምን ይጠቅምሻል? ቅዳሜ እኮ የማርምሽ እኔ አይደለሁም።»

ስልኩ ጮኸ።

ባለቤቷ ስልኩን አየችው፣ ጸጉር ሠሪዋን አየቻት፣ ቀለበቱ መዞር ጀመረ። «እሷ ናት። በይ፣ ምን ልበላት? አሁንማ ሁሉን ሰማሽ። በሠላሳ አንድ የት ትደርሺያለሽ፣ ልጄ? ለአንቺው ብዬ ነው።»

ስልኩ ጮኸ። ሲስተር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ወለሉን ያያሉ።

ጸጉር ሠሪዋ እጇን ዘርግታ ወረቀቶቹን ከመስታወቱ ጠርዝ አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። አርባ ስምንቷን ጫፏ ስለተጣበቀ በጥፍሯ ፋቀቻት። ከዚያ ከልጅቷ ጀርባ ቆመች፣ እንደ ሽቦ የተወጠረውን አንዱን መስመር ከጫፉ ያዘችና መፍታት ጀመረች።

«ቅዳሜ ሥራ አልገባም፣ እትዬ።»

«በሠላሳ አንድ?»

«በሠላሳ አንድ።»

ባለቤቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ስልኩን አንስታ «አቤት እናቴ፣ ደኅና ነሽ?» እያለች ወደ ውጭ ወጣች። መስታወት በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። የምትለው አልተሰማም፤ ከወዲያ በኩል አንድ እጇ ሲወራጭ ብቻ ይታያል። ጸጉር ሠሪዋ አንዴ አየቻትና ፊቷን መለሰች።

«ምን ሆንሽ? እኔን ነው እንዴ የምትፈቺኝ?» አለች ልጅቷ። «አምስት ሰዓት ልቀመጥ ነው? እናቴ ትገድለኛለች!»

«ሁለቱን ብቻ። ላልቶ ይሠራል። አንቺ ነጥብ ያለበትን አንብቢ።» መጽሐፉን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችላትና «ጥያቄው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ቀስ ብለሽ» አለቻት።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ሁሌ ይረጥባል። ዛሬ መንገዱ አልረጠበም። ስለዚህ ዛሬ አልዘነበም።›»

ጸጉር ሠሪዋ አልቸኮለችም። ጸጉሩን በሦስት ከፈለችው፤ አንደኛውን ዘለላ በሁለተኛው ላይ አሳለፈች። ሲስተር ትንፋሻቸውን ውጠው በመስታወቱ ያዩዋታል። ‹ስለዚህ› ያለበት ሁሉ ወጥመድ ነው አለች በልቧ፤ ሁለቴ ተይዣለሁ፣ ሦስተኛ አልያዝም።

«ሐ» አለች በመጨረሻ። «አይከተልም።»

ልጅቷ ከኋላ ያለውን መልስ አየች። ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ተሳስተሻል።»

የጸጉር ሠሪዋ ጣቶች ዘለላዎቹን እንደያዙ ቆሙ። አልጎተቱም።

«ለምን?» ብላ ጠየቀች።