ፊታችሁን አዙሩ

ኦርቪል ክራትዝ ዱላ ይዞ ሲወጣ የተመልካቹ ግማሽ ቢራ ሊገዛ ይነሳ ነበር። አልዋሽም፣ ቢራ ሻጩ ራሱ ስሙ ሲጠራ ብርጭቆ መደርደር ይጀምራል። ኦርቪል የኛ የዌልተን ቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ነው። ሲወረውር ሌላ ሰው ነው፣ ኳሷን አየር ላይ እንደፈለገ ያጣምማታል። ሲመታ ግን የሚመታው አየር ነው። ወርዋሪም ቢሆን ተራው ሲደርስ የግድ ይመታል፣ ሕጉ ነው፣ ምን ይደረግ።

ዕድሜው አርባን አልፏል። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል። ሚስቱ ሜብል ኦሃዮ ውስጥ ያለ አቧራማ ሜዳ ሁሉ ዳር ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ኖራ፣ ባለፈው በጋ "በቃ፣ መስከረም ላይ የወንድሜ መኖ መደብር ሥራ ትገባለህ" አለችው። እሱም እሺ አለ። የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፣ እሷኑ በአውቶቡስ ስንሄድ ሁሌ ያነሳታል።

"አንዲት ኳስ ከአጥር ማዶ! አንዲት! ከዚያ መኖውንም እሸጣለሁ፣ ካስፈለገም እበላዋለሁ።"

"አባባ፣ አጥሩን ወደ አንተ ብናቀርበውስ?" ይለዋል ዴልበርት ሙን።

ዴልበርት ኳስ ተቀባያችን ነው፣ የቀልዱ ሁሉ አለቃ። የተኛ ሰው ጫማ ላይ ክብሪት የሚለኩስ፣ ኮፍያ ውስጥ የመላጫ ሳሙና የሚሞላ እሱ ነው። ግን ኦርቪልን ከማንም በላይ ይወደዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ኳሱን የተቀበለለት እሱ ነዋ።

እንግዲህ በኛ ዘንድ አንድ ወግ አለ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ከአጥር ማዶ ከሰደደ ማንም እንኳን ደስ ያለህ አይለውም። ሜዳው ላይ ያሉትን አራት ምልክቶች፣ ቤዞቹን፣ እየረገጠ ዞሮ ነጥቡን ይዞ ሲመጣ ሁሉም እንዳላየ ይሆናል። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ግራ ይጋባል፣ ትንሽ ቆይቶ እላዩ ላይ እንከመርበታለን። በቃ፣ ደቂቃም አትሞላም።

በዚያው በጋ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የካርቨር ቡድን ልጆች እንግዶቻችን ነበሩ። የከተማችን ፋብሪካ ሥራ ካቆመ ወዲህ ሜዳው ሰው አያጣም፣ ግጥም ብሏል። አራተኛው ዙር ላይ አንድ ለባዶ እየመራን ኦርቪል ሊመታ ወጣ። ሰዉ ወደ ቢራው ተነሳ። ወርዋሪያቸውም ንቆት መሃል ለመሃል ለቀቀለት።

ቋ! አለ ዱላው።

ኳሷ ገና ሽቅብ እየወጣች ዴልበርት ብድግ አለና "ፊታችሁን አዙሩ! ማንም እንዳያይ!" አለ። ሁላችንም ዞርን። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ የተጫዋች መጠለያው ግድግዳ ላይ ያለ ሚስማር ይመረምራል፣ እኔ የውሃ ባልዲው ውስጥ አፈጠጥኩ። ከኋላችን ሕዝቡ እየጮኸ ነው።

ኦርቪል ደሞ አንገቱን ደፍቶ ነው የሮጠው። የሚመታት ኳስ ሁሉ እግሩ ስር ስለምትቀር ሽቅብ ማየት አልለመደም። ዳኛው ጎርስኪ "ቀስ በል አባባ፣ ወጥታለች እኮ!" ሲለው ነው የነቃው።

መጣ። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ሁለቱንም እጁን ዘርግቷል።

"አያችሁ?"

"ምኑን?" አለ ዴልበርት። "ስማ ሩፈስ፣ ሽንኩርት ዘንድሮ ተወደደ አይደል?"

"ከአጥር ማዶ እኮ ነው!" አለ ኦርቪል።

"አዎ፣ ከአጥር ማዶ ያለው ሱቅ ይሻላል፣ እዚያ ርካሽ ነው" አለ ሦስተኛውን ቤዝ የሚጠብቀው ሩፈስ።

ኦርቪል ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። መጨረሻ ላይ የባልዲውን መጥለቂያ አንስቶ እጀታውን ጨበጠና "እንኳን ደስ ያለህ ክራትዝ" አለ። ከንፈራችንን ነክሰን ልንሞት ደረስን። በቃ፣ የምንከመርበት ሰዓት ይቺ ነበረች። ዴልበርት ግን "ቆይ፣ ቆይ፣ ትንሽ" ብሎ ወደ ዳኛው ሄደ።

"ጎርስኪ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛውን ቤዝ ሳይረግጥ ነው ያለፈው! ምቱ አይቆጠርም!"

የራሱን ቡድን ሰው እኮ ነው የሚከሰው! ጎርስኪ ቀልድ ካገኘ እናቱንም ይረሳል። ሄዶ ተንበረከከ፣ አፈሩን አሸተተ። የካርቨር ልጆች "አዎ ዘሎታል፣ ምስክር ነን!" ብለው ተሰበሰቡ። ኦርቪል የእውነት ደነገጠ።

"ረግጫለሁ! በሜብል እምላለሁ ረግጫለሁ!"

"በሜብል ስንቴ ምለህ ስንቴ ዋሸህ?" አለው ዴልበርት። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኛ እንስቃለን፣ ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጀርባ ጥቁር ደመና ይመጣል። ጎርስኪ ሲበቃው ተነሳና "ረግጧል!" ብሎ ፈረደ።

አምስተኛው ዙር ሲጀምር ነፋሱ ኮፍያ መውሰድ ጀመረ። የዴልበርት ሳቅ እዚያ ላይ ጠፋ። ምክንያቱም ዝናብ ጨዋታውን ካቋረጠ፣ እንግዶቹ አምስተኛ ዙራቸውን መትተው ካልጨረሱ፣ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ነጥቡም ምቱም፣ ሁሉም ይሰረዛል።

"አባባ፣ ቶሎ በል፣ ቶሎ ወርውር!"

ኦርቪል ወረወረ። የመጀመሪያው መቺ ሳይሳካለት ከሜዳ ወጣ፣ ሁለተኛውም ወጣ። ሦስት ከወጡ ዙራቸው ያልቃል፣ አንድ ሰው ቀረ። እሱ ደሞ ደመናውን አይቷል መሰለኝ፣ ጫማውን ፈትቶ አሰረ፣ ዱላ ቀየረ፣ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አለ። ዴልበርት "ና ምታ አንተ ሙሽራ!" እያለ ሲጮህ ዝናቡ ወረደ።

ሲያባራ ሜዳው ኩሬ ሆኗል። ያን ቀን ዴልበርት የሠራውን በሬ አይሠራውም። በጆንያ ውሃ ጠረገ፣ ጭቃው ላይ ቤንዚን አፍስሶ ለኮሰ፣ ቅንድቡን አቃጠለ። ሁላችንም አብረን አካፋ ያዝን። ጎርስኪ መጥቶ አንድ እርምጃ ገባና እግሩ ያለ ጫማ ወጣ።

"ይቅርታ ልጆች፣ ተሰርዟል" አለ። አሁን አልሳቀም።

መልበሻ ክፍል ገባን። ኦርቪል ካልሲውን እየጨመቀ ነበር። ተሰልፈን ሄድን፣ ዴልበርት ከፊት ሆኖ እጁን ዘረጋ።

"እንኳን ደስ ያለህ አባባ።"

"ለምኑ?"

"ለመታሃት ኳስ ነዋ።"

"እኔ ምን መታሁ? ጎርስኪን ጠይቀው" አለ። አልተቆጣም እኮ፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ዴልበርት እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ኦርቪል ካልሲውን አስቀመጠና ቀና አለ።

"እሺ፣ አንድ ነገር ንገሩኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ አላየኋትም። የት ወደቀች?"

"ወንዙ ውስጥ" አለ ዴልበርት።

በዚያችው ቅጽበት ሩፈስ "እንጨት መደብሩ ጣራ ላይ" አለ።

ወንዙ በግራ ነው፣ እንጨት መደብሩ በቀኝ። ኦርቪል አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። ከዚያ እኛን በየተራ አየን። አንዳችንም ዓይኑን ልናየው አልቻልንም።

"ሩቅ ነበር ግን?" አለ።

"ሩቅ ነበር" አልነው ሁላችንም ባንድ አፍ። እሱንም እንኳ አናውቅም።