በአረንጓዴው ቆርቆሮ ላይ የተቀባው ቀይ ኤክስ

ሰኞ ጠዋት ዶሪን ሱቋን ልትከፍት ስትደርስ፣ ከበሩ በላይ ባለው አረንጓዴ ቆርቆሮ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተቀብቶ አየች። ቁልፉን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

በሜሰን ፎልስ ከተማ ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚቀቡት ሰው ለቆት በሄደና ሊደረመስ በደረሰ ቤት ላይ ነው። ዶሪን ያደገችበት መንገድ ግራና ቀኙ ኤክስ ብቻ ነበር። ከዚያ ዶዘር መጣ፤ ከዚያ ሣር በቀለ።

“እኔ እኮ ገና ውስጥ አለሁ” አለች ለብቻዋ።

ሱቋ ልብስ በልክ የሚስተካከልባት ስፌት ቤት ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እሷና ልጇ ካሲ የሚተዳደሩት በዚህች ሱቅ ገቢ ነው። ካሲ በመጪው መስከረም የነርስነት ትምህርት ትጀምራለች። ሱቋ ከሄደች ትምህርቱም አብሮ ሄደ።

ሕንፃው መሀል ከተማ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን ፊቱ ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ቆርቆሮውን የለጠፉት ዶሪን ሳትወለድ፣ ጡብ የሚያሳፍርበት ዘመን ነበር። ባለፈው ወር ሕንፃውን ብሬት ሃሎራን የሚባል ሰው ገዛው። በማግስቱ አንድ ካርቶን ዶናት ይዞላት መጣ፤ እየሳቀ እጇን ጨበጠ፤ የካሲን ስም ሳይቀር ጠይቆ ሄደ። ዶሪን ዶናቱን አልቀመሰችም። ባለፈው ዓርብ ደግሞ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የቆርቆሮውን ጥግ ፈልቅቆ፣ በባትሪ አይቶ፣ መልሶ ገጠመው።

“ምን አየህ?” ብላ ጠየቀችው።

“ምንም፣ እመቤቴ” አለና እያፏጨ መኪናው ውስጥ ገባ። ምንም ያላየ ሰው ያፏጫል?

ሽማግሌው ክላይድ እንደ ልማዱ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ መጣ። ማዶ ካለው ሕንፃ ሥር ጸጉር ያስተካክል ነበር። የዚያ ሕንፃ ባለቤቶች “ቤቱን እስክናድስ ለጊዜው ልቀቅልን” አሉት፤ ለቀቀ። ሲመለስ ቁልፉ አልከፍት አለው። አሁን የሰው ጸጉር የሚቆርጠው ኩሽናው ውስጥ ነው።

ክላይድ ኤክሱን ሽቅብ አየና “ያመጣልሽ ዶናት ማርማላታ ነበረው?” አላት።

“ምን ልዩነት አለው?”

“እኔን ያባረሩኝ ባለ ማርማላታውን አብልተው ነው። አንቺን በደረቁ ከሆነ ንቀውሻል።”

“ክላይድ፣ ዛሬ ቀልድህን አልችልም።”

“ማን ቀለደ?”

ዶሪን መሰላል አወጣች። በቀለም ማስለቀቂያ ኤክሱን እጇ እስኪዝል ፈተገችው። ክላይድ መሰላሉን ይዞ “ወድቀሽ ብትሞቺ እኮ ቤቱ በነፃ ቀረላቸው” ይላታል። ማክሰኞ ስትመጣ ኤክሱ ተመልሶ ተቀብቷል፤ ያውም ደምቆ። ያን ጊዜ ስልኳን አንስታ ብሬትን ጠራችው።

ብሬት ሲመጣ ፈገግታው አብሮት ነበር። ዶሪን አላስቀመጠችውም።

“ሰው ያለበትን ቤት ነው የምታፈርሰው?”

“ማፍረስ? ኧረ ወይዘሮ ዶሪን!” ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። “ያ እኮ መጀመሪያ የሚነሳው ቆርቆሮ ነው። ሠራተኞቼ እንዳይሳሳቱ ነው ምልክት ያደረጉት። ደግሞ አንድ ሰው አጥፍቶባቸው ሲበሳጩ ነበር።”

አብሯት የነበረውን ክላይድን ቡናው ትን አለው።

“ታዲያ ሠራተኛህ ለምን ዋሸኝ?”

ብሬት ፈገግታውን ቀነሰ። “እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት። ከሥሩ አሮጌው ጡብ፣ የተቀረጸው ድንጋይ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አለ። ቤቱን ወደ ድሮ መልኩ ከመለስኩት መንግሥት ግብር ይቀንስልኛል። ተበላሽቶ ቢሆን ግን ሥራው ይቀር ነበር። እርግጠኛ ሳልሆን ማውራት አልፈለግኩም።” ጉሮሮውን ጠረገ። “አንድ ነገር ብቻ አለ። የእርስዎም በር እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መሠራት አለበት። ስለዚህ ለጊዜው...”

“ይኸው! መጣልሽ!” አለ ክላይድ።

“አልወጣም” አለች ዶሪን።

“አቧራው አያስቀምጥዎትም።”

“እቅመዋለሁ።”

አልወጣችም። ሠራተኞቹ ሱቁን በላስቲክ ለሁለት ሲከፍሉት፣ እሷ ከጀርባ በጓሮ በር እየገባች፣ አፏን በጨርቅ ሸፍና ሰፋች። ከስፌት መኪናዋ የወጣ ቀሚስ ሁሉ ሁለቴ ይራገፋል። ለምሳ እንኳ አትወጣም፤ ካሲ ሳንድዊች ታመጣላትና “እማ፣ ሰውዬው ደግ ቢሆንስ?” ትላታለች።

“ደግ ከሆነ ብቀመጥ አይከፋውም” ትላለች ዶሪን።

ቆርቆሮው ተነስቶ ባለቀበት ቀን መንገዱ በሰው ተሞላ። ጭብጨባው እስከ ውስጥ ተሰማ። ብሬት በአዲሱ በር ገብቶ “ይውጡና ይዩት እንጂ!” አላት።

“ቁልፉስ?”

“የምን ቁልፍ?”

“በሩ አዲስ ነው፤ መቆለፊያውም አዲስ ነው። ቁልፉስ?”

ብሬት ኪሱን ዳብሶ አወጣላት። ዶሪን ግን አልተነሳችም፤ መጀመሪያ ክላይድን ጠራችው።

“ና፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀመጥ። እስክመለስ ማንም ቢመጣ እንዳትነሳ።”

ሽማግሌው ማዶ ያለውን የድሮ ሱቁን በአዲሱ መስታወት አሻግሮ አየ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና የስፌት መኪናውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። “ሂጂ” አላት።

ዶሪን ወጥታ በሩን ከውጭ ዘጋችው። ቆለፈች፤ ከፈተች። እንደገና ቆለፈች፤ ከፈተች። ቁልፉ ያለ ችግር ዞረ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እሷ ብቻ መቆለፊያውን ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። ጡቡ ቀይ ነው፤ በየመስኮቱ አናት ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ የወይን ሐረግ ይዞራል። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ አላወቀችውም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ብሬት አጠገቧ መጥቶ ቆመ። “ያምራል፣ አይደል?”

“ያምራል” አለች፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣ። “ለዚህ በር ስንት ቁልፍ ነው ያስቀረጽከው?”