የአፋፉ ቤት እንግዶች

ባሲማ ከሪያድ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሳ፣ ደሴ ላይ ከባሏ ከሃሩን ጋር ኑሮዋን ባደላደለች ሰሞን፣ ወንድሞቿ የአባታቸውን ቤት ነገር አነሱ። ቤቱ ያለው ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው መንገድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ ጓሳ ነው፤ በሩ ደግሞ ረጅም ሰው ጎንበስ ካላለ ግንባሩን የሚገጭበት ነው። አባታቸው ሸህ አሕመድኑር ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ልጆች ቁርኣን ሲያቀሩ ኖረው፣ እዚያው ወደ አኼራ ሄዱ። ከእሳቸው ወዲህ ቤቱ ተዘግቷል። ወንድሞቿ ካቡን አፍርሰው ድንጋዩን ለሌላ ሥራ ሊያውሉት አስበው ነበር። ባሲማ ግን ለእኔ ተዉልኝ አለቻቸው። ምን ልታደርጊው ነው ቢሏት፣ አርፍበታለሁ አለች።

ሳቁባት። የደሴ ጎረቤቶቿም ሳቁ። ሰው እረፍት ሲያምረው ወደ ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ውርጭ ፍለጋ ሽቅብ አይወጣም ነበር የሚሏት። ሃሩን ራሱ ሾፌር ነውና መንገድ ስለጠገበ፣ መጀመሪያ የተከተላት እንዳይከፋት ብቻ ነው። በኋላ ግን ከእሷ ባሰ። ሁለት ቀን ዕረፍት ካገኘ ወደ አፋፉ እንሂድ ባይ እሱ ሆነ።

ክዳኑን አደሱ፣ ምድጃውን ጠገኑ፣ ገደሉን የሚያየውን መስኮት ትንሽ አሰፉት። ከዚያ ወዲያ ጊዜ አልመረጡም። በመስከረም ሲሄዱ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ጅባራው መስኩ ላይ እንደ ሰው ቆሞ ያገኙታል። በታኅሣሥ ሌሊት ደጅ የረሱት ጆግ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ ማንም ከብርድ ልብስ አይወጣም። በበልግ ካፊያ አለ። በክረምት ደግሞ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየተንከባለለ መጥቶ በሩ ድረስ ይገባል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እዚያ ውስጥ ሆነው ሲያጉረመርሙ ይሰማል እንጂ አይታዩም። መብራት የለም። ስልክም የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። ባሲማ ግን ደሴ ላይ የማታገኘውን እንቅልፍ እዚያ ታገኘዋለች።

ይህን ቤት የምትወድበትን ምክንያት ለሃሩን ብቻ ነው የነገረችው። ሪያድ የምትሠራበት ወጥ ቤት መስኮት አልነበረውም። ሰሃን ስታጥብ በሐሳቧ እዚህ ቤት ትገባለች፤ አጎንብሳ በሩን ታልፋለች፣ በስተቀኝ የአባቷን የሶላት አጎዛ ታያለች፣ በስተግራ የደረሶቹ፣ የቁርኣን ተማሪዎቹ፣ የእንጨት መጻፊያ ሉሖች ተደርድረው ይታዩዋታል። እንዲህ እያለች እስከ መስኮቱ ትደርሳለች። ልጇን አፍናንንም ገና ወፌ ቆመች ስትባል ትታት የሄደችው እዚሁ ቤት፣ ለአባቷ ነበር። አፍናን ትምህርት ቤት እስክትገባ ያደገችው እዚህ ነው።

የቤቱን ቁልፍ የሚይዙት ጎረቤታቸው እትዬ የትምወርቅ ነበሩ። እንደ ጥላ የማይለዩ ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩ፤ ከሸህ አሕመድኑር ግቢ የሚለያቸው ወገብ የማይደርስ ካብ ነው። ባለቤቶቹ በሌሉበት ቤቱን እየከፈቱ ያናፍሱታል፣ ይጠርጉታል፣ ባሲማ ስትመጣም ጎመንና ድንች ይዘው ካቡን ተሻግረው ይመጣሉ።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። አንድ አረፋ አለፈ፣ ሌላም አረፋ አለፈ፤ ወደ አፋፉ መውጣት የማይታሰብ ሆነ። ባሲማ ደሴ በከፈተችው ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች የአፋፉ ቤት ክዳን ያፈስ ይሆን እያለች ታስባለች። በመጨረሻ አንድ ታኅሣሥ ላይ አውቶቡሱም ስልኩም ጀመረ ሲባል፣ ሃሩን ሥራ ላይ ስለነበር እሷና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው አፍናን ብቻቸውን ተነሡ።

መካነ ሰላም አድረው በነጋታው ባጃጁ እስከሚሄድበት ድረስ ሄዱ፤ ከዚያ በእግር። የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲያልፉ ባሲማ ቆመች። ከጓሳው ክዳን ውስጥ ጭስ ይወጣል። ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ልጅ ሆና ከገበያ ስትመለስ ታየው እንደነበረው ያለ ጭስ ነው። ለአፍታ ዕድሜዋንም፣ የአባቷን መሞትም ረሳችው። ከአፏ «አብየ» የሚል ቃል ወጣ።

አፍናን ሻንጣውን አስቀምጣ፣ «እማ፣ ቤታችን ውስጥ ሰው አለ» አለች።

በሩ ላይ የወጡት እትዬ የትምወርቅ ነበሩ፤ ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለዋል። ሲያዩዋቸው መጀመሪያ ደስታ ነበር ፊታቸው ላይ፤ ወዲያው ግን አንገታቸውን ደፉ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ ነገሩን ተናገሩ። በክረምቱ ውኃው በግድግዳው ሥር ገብቶ ቤታቸው በአንድ ሌሊት ተናደ። አልታየች የምትባለው ሴት ልጃቸው ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ሕፃኗን ምህረትን ለእሳቸው ትታለች። ለማስፈቀድ ያኔ ስልክ የለም፣ ሰው ልከው እንዳይጠይቁ መንገድ የለም። እጃቸው ላይ የነበረው የዚህ ቤት ቁልፍ ብቻ ነበር።

«ዛሬውኑ እወጣለሁ» አሉ። «አምናችሁ የሰጣችሁኝን ቁልፍ እንዲህ አደረግሁበት።»

«ኧረ ይቀመጡ፣ ወዴት ይወጣሉ በዚህ ብርድ» አለች ባሲማ።

ያለችው ግን በአፏ ነው። ገብታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። መስኮቱ ሥር፣ እሷ ቁጭ ብላ ገደሉን የምታይበት ቦታ ላይ፣ የድንች ጆንያ ተደርድሯል። ድስቶቿ ቦታ ቀይረዋል። መደቡ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቷል። የአባቷ አጎዛና ሉሖቹ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልለው ከፍ ብለው ተሰቅለዋል፤ በወዲያኛው ጥግ ደግሞ ትንሽ የማርያም ሥዕል አለች። እትዬ የትምወርቅ ሥዕሏን ለማንሳት ፈጠን ሲሉ ባሲማ ይተዉት ብላ እጃቸውን ያዘች። ይህን ያለችው ግን ከልቧ ነበር።

ቀጥለው የመጡት ቀናት ለባሲማ ከበዷት። ጸጥታ ፈልጋ ነው የመጣችው፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ጠዋት ስትነሣ ቤቱ ተጠርጎ፣ እሳቱ ነዶ ይቆያታል፤ በገዛ ቤቷ የምትሠራው አጥታ ትቀመጣለች። እትዬ የትምወርቅም መፍራታቸውን አልተዉም። ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲያነሡ፣ ባሲማን ዓይን ዓይኗን ያያሉ። እንዲህ መታየቷ ከጆንያው ይልቅ አናደዳት። ቋጥኙ ላይ ወጥታ ለሃሩን ደወለችለትና ልንመለስ ነው አለችው። ምነው ቢላት፣ እዚህ ለእኔ ቦታ የለም አለች። ሃሩን፣ ክዳኑስ እንዴት ሆነ አላት። ደኅና ነው፣ እሳት ስለማይጠፋበት አልበሰበሰም አለችና ስልኩን ዘጋች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትመለስ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ድምፅ ሰማች። አሊፍ፣ ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ጂም እያለ የዓረብኛ ፊደል ይቆጥራል ድምፁ፤ በሚታወቀው የቁርኣን ቤት ዜማ፣ ግን ዝግ ብሎ፣ እንደ እሹሩሩ። አሊፉ ላይ ድምፁን ረዘም አድርጎ ጂሙ ላይ የሚሰብር እንዲህ ያለ ዜማ የሸህ አሕመድኑር ብቻ ነበር። ጀሪካኑን አስቀምጣ አጎንብሳ ገባች። እትዬ የትምወርቅ ምህረትን እግራቸው ላይ አስተኝተው ይወዘውዛሉ። አፍናን መደቡ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍና አብራ ታንጎራጉራለች።

«ይህን ከየት አወቁት?» አለች ባሲማ።

እትዬ የትምወርቅ ደነገጡ። ክፉ ነገር የተናገሩ መስሏቸው ነበር። ከዚያ በአገጫቸው አፍናንን አሳዩዋት። «ይችን ሲያስተኙ ሸህ የሚሏት ነው። ካለሱ አትተኛም ነበረ። ከካቡ ማዶ ሁኜ ስሰማው እሹሩሩ መስሎኝ ያዝሁት። ፊደል መሆኑን ያወቅሁ ኋላ ነው።»

ባሲማ ተቀመጠች። የምታውቃቸው አባቷ ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ አለንጋቸው ከደረሶቹ ጀርባ አይርቅም። ልጅ አቅፈው የሚያንጎራጉሩ ሌላ ሰው በዚህ ቤት እንደኖረ አላወቀችም። እሷ ሪያድ ሆና በሐሳቧ ስትገባበት የኖረችው ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ አልነበረም።

«ሌላስ?» አለች። «ይንገሩኝ እስቲ።»

ነገሯት። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ በኋላ ግን ወሬው ራሱ እየጎተታቸው። አፍናን የመጀመሪያ የወተት ጥርሷ የወለቀ ዕለት ሸህ ደረሶቹን በሙሉ ማሰናበታቸውን ነገሯት። አንድ ቀን ጠፍታ መንደሩ ተሸብሮ፣ ገብሱ ውስጥ ተኝታ መገኘቷንም እንዲሁ። አፍናንም የምታስታውሰውን ትጨምራለች፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ባሲማ አፍ አፋቸውን ታያለች። ከዚያ እትዬ የትምወርቅ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

«ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እዚያ ቋጥኝ ላይ ይወጣሉ፤ ስልክሽን ለመጠበቅ። ብርዱን አይሉ፣ ዝናቡን አይሉ። ልጅቷን ጋቢያቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ። ስትደውይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርጉላታል። መስመሩ ደግሞ ይቋረጣል። ከተቋረጠም በኋላ ሸህ ማውራታቸውን አይተዉም።»

«ለማን?»

«ለስልኩ ነዋ። እናቷ ከመስመሩ እንደጠፋች ልጅቷ እንዳታውቅ። እሽ፣ በልታለች፣ ጎብዛለች፣ ለአረፋ ትመጫለሽ፣ እያሉ ብቻቸውን ያወራሉ። እንቅልፍ ሲወስዳት ነው ስልኩን ኪሳቸው የሚከቱ።»

ባሲማ አለቀሰች። ሪያድ መስመሩ ሲቋረጥባት ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ትመለስ እንደነበር ትዝ አላት። እዚህ ግን ወሬው ያለ እሷ ቀጥሎ ነበር። እትዬ የትምወርቅ ምህረትን ለአፍናን አሳቅፈው አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። አብሽሪ፣ አይዞሽ አሏት፣ ጀርባዋን እየደባበሱ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ዓይኗን ማየቱን ተዉት፤ ባሲማም ቦታዬ ተወሰደ ማለቱን ተወች። መመለሱም ቀረ።

በማግስቱ ባሲማ፣ እዚሁ ኑሩ፣ እኛ ስንመጣ አብረን እንሆናለን ብላ ለመነቻቸው። እትዬ የትምወርቅ አልተቀበሏትም። «ቤትሽ ሞቆኛል፣ አላህ ያክብርሽ» አሉ፤ ለሙስሊም ሲመርቁ እንዲህ ነው የሚሉት። «ግን አልታየች ስትመለስ የምትገባው እናቷ ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ላንችም የሆነልሽ ይኸው አይደል?»

ባሲማ ቋጥኙ ላይ ወጥታ ለሃሩን ደወለችለት። ሃሩን ፈቃድ ጠይቆ የጣሪያ እንጨት አስጭኖ መጣ። መንደሩ ደቦ ወጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተናደውን የእትዬ የትምወርቅን ቤት ካብ ድንጋይ በድንጋይ እየለቀመ መለሰው። የገና ጾም ስለነበር ለሁሉም የተሠራው ሽሮ ነው፤ የሚጠጣውም የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦ። ባሲማ እጇ እስኪላጥ ጭቃ አቀበለች። አፍናን ምህረትን አዝላ ትዞራለች። ማታ ማታ ሁሉም ደክሞት በአንድ ቤት ይተኛል፤ ሃሩን ጆንያው ጥግ፣ ሴቶቹ መደቡ ላይ። ሰው እግር ሳይረግጥ መነሣት አይችልም። ምህረት ስታለቅስ የነቃው ሰው አሊፍ ባውን ይጀምርላታል፤ አንድ ሌሊት ሃሩን ጀምሮላት ዜማው ስለጠፋበት ሁሉም በሣቅ ነቅቶ ቀረ።

ከገና በኋላ አዲሱ ቤት አለቀና እትዬ የትምወርቅ ካቡን ተሻግረው ገቡ። ጆንያው ተነሣ፣ ሥዕሏ ተነሣች። ባሲማ ድስቶቿን ወደ ነበሩበት መለሰችና መስኮቱ ሥር ቁጭ አለች። ገደሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስትመኘው የኖረችው ጸጥታም መጣ። ብዙ አልቆየች፤ ተነሥታ ሻሿን ጣል አድርጋ ካቡን ተሻገረች። እትዬ የትምወርቅ ከምድጃው ሥር ሆነው፣ ምን ረሳሽ አሏት። ምንም አለች፤ ገብታ ተቀመጠች።

አሁንም መንገዱ ሲፈቅድ በሁሉም ወቅት ይወጣሉ። አፍናን ሥራ ይዛ አዲስ አበባ ገብታለች፤ ለአረፋ ግን አትቀርም። ቤቱም እንደ ድሮው ነው፣ ጸጥ ያለ፣ ለእረፍት የተመቸ። ባሲማ ሱቋ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሪያድ ታደርገው እንደነበረው፣ በሐሳቧ አጎንብሳ በሩን ታልፋለች። ዱሮ ስትገባ የምታየው አጎዛውንና ሉሖቹን ነበር። አሁን የሚታያት ግን ያ የታኅሣሥ ሰሞን ነው፤ ጆንያው መስኮቱን ጋርዶት፣ የሕፃን ጨርቅ መደቡ ላይ ተሰጥቶ፣ እግር የሚጥሉበት ቦታ ጠፍቶ። ናፍቆቱ ሲብስባት ለሃሩን ትደውልለትና መቼ ነው የምንሄደው ትለዋለች።