የሦስት ቁጥሩ ቤት ሠልስት

ወይዘሮ ጥሩአየር በፊልሙ ውስጥ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለቅሷቸው ግን ሁለተኛ ቀኑን አላለፈም።

ለቅሶው ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው የፊልም መንደር ውስጥ፣ ሦስት ቁጥር ቤት ነው። መንደሩ ሕዝብ የወደዳቸውን ፊልሞች ቤትና ሰፈር እንደገና ሠርቶ ለጎብኚ የሚያሳይ ድርጅት ነው። አንድ ቁጥር ላይ ባቡር ጣቢያ አለ። ሁለት ቁጥር ላይ ዝናብ የማያባራበት አንድ ቅያስ አለ። መጀመሪያ ሁሉም ከኮምፔንሳቶና ከቀለም የተሠሩ ነበሩ። በሩ ለጎብኚ በተከፈተ በሦስተኛው ወር የፊልሞቹ ሰዎች መጥተው መኖር ጀመሩ። ተዋናዮቹ ማለት አይደለም፤ ተዋናዮቹ በየቤታቸው ናቸው። እንዲያውም አንደኛው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ፣ ከራሱ ጋር ተጨባብጦ፣ ጤንነቱን ጠይቆ ሄዷል። አስተዳደሩ ነገሩን በስብሰባ ተወያየበትና የጉብኝት ሰዓት አወጣላቸው።

እታፈራሁ የሦስት ቁጥር አስጎብኚ ናት። ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው። ቢጫ የደንብ ልብሷን ለብሳ በቀን አራት ጊዜ፣ አርባ አርባ ሰው እየመራች ድንኳኑ ውስጥ ትገባለች። ቲኬቱ ላይ ጉብኝቱ ሃያ ደቂቃ ነው ይላል፤ ሃያ ደቂቃ ሆኖ ግን አያውቅም። ጎብኚው እየተሳሳቀ፣ ስልኩን ለፎቶ አዘጋጅቶ ይመጣል። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ፍራሽ ላይ ኩርምት ብላ የተቀመጠችውን ጥቁር ለባሽ ልጅ ሲያይ ስልኩን ኪሱ ይከታል። «እግዜር ያጽናሽ» ይልና ይቀመጣል። አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ መነሳት ነውር ነው። ንፍሮ ይዞራል፤ ይዘግናል። ሴቶቹ የየራሳቸውን ሟች ያስታውሱና ማልቀስ ይጀምራሉ። ቀጣዩ ቡድን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱም ቢሆን ለቀስተኛ ተነሱ ለማለት አፍ የለውም።

እታፈራሁ ታክቷታል። ድካሙ የእግር ቢሆን ሞቅ ባለ ውኃ ይወጣ ነበር፤ የእሷ ግን እንቅልፍም አያወጣውም። አምና ጎረቤቷ ሞቶ እውነተኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ግማሽ ሰዓት እንደሞላ ብድግ ብላ «በዚህ በኩል እንውጣ» አለች። ሰዎቹም ሳያውቁት ተከትለዋት ወጡ።

ፍራሹ ላይ ያለችው ልጅ የውብዳር ትባላለች፤ የሟቿ አንድ ልጅ ናት። ፊልሙ የሚያልቀው በለቅሶው በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ የውብዳር ብቻዋን ትቀርና በሩን ትመለከታለች፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጨልማል። ሲነጋ እንደገና ሁለተኛው ቀን ነው። ዓይኗ እንዳበጠ፣ ድስቱም ንፍሮ እንደሞላ ነው።

ድንኳኑ ግን የፊልም አልነበረም። የቀረጻው ሰዎች እዚያው አካባቢ ካለ እድር ለሦስት ቀን ብለው ተውሰው ለመንደሩ ያስተላለፉት፣ ሕዝብ የሚገለገልበት የሸራ ድንኳን ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ባንተይርጉ በየዓመቱ ድንኳኑን ሊጠይቁ ይመጣሉ። በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሠልስት ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት ድንኳን አይነሳም። ስለዚህ በየዓመቱ ገብተው፣ ልጅቷን አጽናንተው፣ ቀኑን ጠይቀው፣ «ገና ሁለተኛው ነው» ሲባሉ ባርኔጣቸውን አድርገው ይመለሳሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እድሩ የራሱን ሰዎች በፕላስቲክ ዳስ ሲሸኝ ኖሯል። አንድም ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም፤ ሐዘን ነው፣ ምን ይደረግ ይላሉ።

ዘንድሮ ሲመጡ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ወዲያው አልሄዱም። በሩ ላይ ቆም ብለው እታፈራሁን ጠሯት።

«ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት አብሯት የሚያድረው ማነው?»

«ማንም የለም ጋሼ። በአሥራ አንድ ሰዓት ግቢው ይዘጋል።»

«ጎረቤቶቿስ?»

እታፈራሁ አስረዳቻቸው። ዳይሬክተሩ በመጨረሻው ትዕይንት ልጅቷን ብቻዋን ሊያሳያት ስለፈለገ ጎረቤቶቹን ወደየቤታቸው ሰዷቸዋል። ፊልሙ ሲወጣ ሰው አዳራሹ ውስጥ አጉረምርሞ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው ተብሎ። ከዚያ ግን ተረሳ።

ጋሽ ባንተይርጉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ላይ አንዴ አዞሩት።

«ታዲያ እንዴት ብሎ ይንጋላት?» አሉና ሄዱ።

እታፈራሁ በዚያው ቀን የመንደሩን ሥራ አስኪያጅ አቶ ሶፎንያስን ልታናግረው ገባች፤ ሌሊት ከልጅቷ ጋር ሰው ይደርና ሦስተኛው ቀን ይንጋላት አለችው። ሶፎንያስ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም የደከመው ሰው ነው፤ ባቡር ጣቢያው ያሉት ተሳፋሪዎች በየቀኑ ባቡሩ ዘገየ ብለው የሚያመለክቱት ለእሱ ነው። ሰማትና ራሱን ነቀነቀ። ፊልሙ ሦስተኛ ቀን የለውም አላት። ያልተቀረጸ ቀን ከመጣ እዚያ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አይኖርም፤ የሚታይ ከሌለ ሦስት ቁጥር ይዘጋል፤ ሦስት ቁጥር ከተዘጋ አንቺም ሥራ የለሽም። ሁሉንም ሳይቆጣ ነው የነገራት። እሷም ሳትቆጣ አመስግና ወጣች።

የከሰዓቱን ጉብኝት ከመጀመሯ በፊት ፍራሹ ጠርዝ ላይ ከየውብዳር አጠገብ ቁጭ አለች። በጉብኝቶቹ መሐል ልጅቷ እንደ ማንኛውም ሰው ታወራለች። እታፈራሁ ለቅሶው ሰልችቷት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እናቴ ናት እትዬ፣ ሰለቸኝ አይባልም» አለች የውብዳር። «ግን ሁልጊዜ ትናንት ነው የሞተችው። በየቀኑ ትናንት ነው። ትንሽ እንኳ ራቅ ብትልልኝ።»

እታፈራሁ ወደ ቦርሳዋ ዞር ብላ አየች። ይህን ሁሉ ዓመት ይህችን ልጅ ስታጽናና ኖራ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ግን አንድም ቀን ሳትቀር ቦርሳዋን አንስታ ሄዳለች። አፈረች።

የመጨረሻው ቡድን ወጣ። ጎረቤቶቹ እንደተጻፈላቸው ተነስተው ሄዱ። ዘበኛው ቁልፉን ይዞ መጣና እታፈራሁ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ መቀመጧን አየ። ግቢው ሊዘጋ ነው አላት። ለቅሶ ቤት ነው የማድረው አለችው። ዘበኛው ለዚህ የሚሆን መመሪያ አልተሰጠውም። ጥቂት አሰበና የራሱን ጋቢ አምጥቶ ሰጣት።

ስክሪኑ የሚጨልምበት ሰዓት ሲደርስ የውብዳር በሩን ተመለከተች። እታፈራሁም አብራት ተመለከተች። ጨለማው መጣ፤ በውስጡ ግን የሁለት ሰው ትንፋሽ ነበረበት፤ ለዚያም ይመስላል እንደ ሌላው ቀን ቶሎ ያላለፈው። ስለ ሟች ማውራት ደንብ ነውና እታፈራሁ እናቷ ምን ይወዱ እንደነበር ጠየቀቻት። የውብዳር አታውቅም። አልተጻፈላትም። የምታውቀው መሞታቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ እታፈራሁ የራሷን እናት አንድ ነገር አወራችላት፤ የውብዳር እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እሱን ልውሰደው?» አለች።

«ውሰጂው» አለች እታፈራሁ።

ነጋ። የውብዳር ዓይን እብጠቱ ቀንሷል። ድስቱ ባዶ ነው። እታፈራሁ ፊቷን እየታጠበች ማታ ያወራችውን ነገር ልታስታውሰው ሞከረች፤ ስለ እናቷ እንደነበር ታውቃለች፤ ምን እንደነበር ግን የለም። ቦታው ላይ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምላስ የሚያገኘው ዓይነት ክፍተት አለ። ቅር አላት፤ ደግሞም ቀለል አላት። ጓዳው ውስጥ የውብዳር አንድ የቆየ ዘፈን እያንጎራጎረች ትታጠብ ነበር። እታፈራሁ ዘፈኑን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

ጋሽ ባንተይርጉ ስድስት ሰው አስከትለው በጠዋቱ ደረሱ። ማን እንደነገራቸው አልተጠየቁም። ጎረቤቶቹም መጡ፤ ለዛሬ የተጻፈላቸው ቃል ስላልነበረ ዝም ብለው አግዳሚዎቹን ማንሳት ጀመሩ። አቶ ሶፎንያስ እየተቻኮለ መጣና ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። የሚናገረውን አዘጋጅቶ እንደመጣ ከፊቱ ያስታውቃል። ውስጥ ገብቶ ሽማግሌዎቹንና ልጅቷን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት፤ ከዚያ አንዱን ካስማ ለመንቀል ጎንበስ አለ።

ጋሽ ባንተይርጉ ፍራሹ አጠገብ ተቀምጠው ልጅቷን አነጋገሯት። ይብቃሽ አሏት። ማቁን አውልቂ፣ እህል ቅመሺ፣ ከእንግዲህ ደጁንም እይው አሏት። ድምፃቸው ሳይሰበር ነው ያሉት፤ ይህን ቃል ለብዙ ሰው ብለውታል። የውብዳር ያኔ አለቀሰች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተጻፈላትን ለቅሶ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው፤ እታፈራሁም አብራት አለቀሰች።

ከዚያ ሸራው ወረደ።

ከድንኳኑ ጀርባ የፊልሙ መንገድ መኖር ነበረበት። አልነበረም። ሦስተኛውን ቀን የቀረጸው ሰው ስለሌለ ቦታው ነጭ ነው። ግድግዳ ሳይሆን፣ ጭጋግም ሳይሆን፣ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ያለ ስክሪን የመሰለ ነጭ፤ መሬቱም ሰማዩም እሱው ነው። የእድሩ ሰዎች ሸራውን እያጠፉ አንድ ሁለቴ አዩት። ጋሽ ባንተይርጉ ጭቃ የለውም፣ ለመንገድ ይሻላል አሉ።

የውብዳር ከፊልሙ የልብስ ሣጥን ውስጥ ያገኘችውን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ወጣች። እታፈራሁን ሦስት ጊዜ ሳመቻት።

«ትሸኚኛለሽ እትዬ?»

እታፈራሁ እስከ ዳሩ ድረስ ሸኘቻት። አንድ እግሯን ነጩ ላይ አሳረፈች። ጠጠር የለውም፣ ሙቀት የለውም፣ የዚያን እግሯን የጉልበት ሕመምም ወሰደላት። አብራት ብትሄድ ደስ ባላት፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መሄድ የፈለገችበት ጊዜ አልነበረም። ግን በዋናው በር በኩል የሦስት ሰዓቱ ቡድን ሲገባ ተሰማት። እግሯን መለሰች፤ የውብዳር ብቻዋን መንገዷን ቀጠለች።

አርባው ሰው እየተሳሳቀ መጣ። ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ የሚዘገን የለም። በየተራ ሳቃቸውን አቆሙና ከእታፈራሁ ጎን ተሰልፈው እሷ የምታየውን ማየት ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ቲኬታቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ልጅቱ ወዴት እንደሆነች ጠየቁ። እታፈራሁ ሠልስቱ ወጣላት አለቻቸው። እሰይ አሉ አሮጊቷ፣ እና ማየታቸውን ቀጠሉ።

ቀሚሱና ነጠላው ከነጩ ጋር አንድ ሆነው ከጠፉ ቆይተዋል። የሚታዩት ጥቁሩ ፀጉሯና ሁለት እጆቿ ብቻ ናቸው፤ ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ። በጣም ከራቁ በኋላ እጆቹ አንዴ ቆሙ። ወደ ላይ ወጡና ማንም የማያየውን ነጠላ ፀጉሩ ላይ ጣሉት፤ ፀጉሩም ጠፋ። ከዚያ ሁለቱ እጆች ብቻቸውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።